አስራ አራተኛው ጆሮ

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

ርዕሰ መምህሩ ዛሬ ቢሮው ጠራኝ። ተቀመጥ አላለኝም፤ ነገሩ እንዳላማረ ያኔውኑ ገባኝ። "ያቺ የምርምር ክፍለ ጊዜህ" አለኝ፣ ከቤቴ ይዣት የመጣሁ ይመስል፣ "ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ለፈተና ማጠናከሪያ ትሁን የሚል ሐሳብ ቀርቧል።" ማን እንዳቀረበው ስጠይቀው መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመረ። ከራሱ ሌላ ማን ሊያቀርብ ነው?

አንድ ዕድል ሰጥቶኛል። በሚያዝያ መጨረሻ ተማሪዎቹ ጥናታቸውን በሚያቀርቡበት ቀን ከትምህርት ቢሮ አዲሷ ሱፐርቫይዘር ትመጣለች። ካሳመንናት ክፍለ ጊዜው ይቀጥላል፤ ካላሳመንናት በቃ። "የአምናውን ሰውዬ መቼም አትረሳውም" አለኝ። እንዴት እረሳለሁ! የአምናው ሱፐርቫይዘር አራተኛው ቻርት ላይ አገጩን ክራቫቱ ላይ አሳርፎ አንቀላፋ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሰባተኛው ላይ አዛግቻለሁ። ልጆቹ ሁሉ ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው ከቻርቱ ላይ ያነባሉ፤ የጥናቱ ዓላማ፣ የጥናቱ ዘዴ፣ የጥናቱ ውጤት። የጥናቱ እንቅልፍ!

ይቺን ክፍለ ጊዜ ከተጀመረች ጀምሮ የያዝኳት እኔ ነኝ። አንድ ልጅ በገዛ እጁ ለክቶ "ቲቸር፣ መጽሐፉ እንደሚለው አልሆነልኝም እኮ!" ብሎ ሲመጣ የሚሰማኝን ደስታ ሌላ የትም አላገኘሁትም። እሷ ከሄደች የሚቀረኝ ምዕራፍ መጨረስ ነው። ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጭንቀቴን ዘረገፍኩት። ፊት ለፊቴ የቋንቋ መምህሯ ተቀምጣለች። ተማሪዎቹ "ነጠላ ሰረዝ" ነው የሚሏት፤ ስታወራ በየሦስት ቃሉ ቆም ስለምትል። አሁንም ቆም አለችና፣

"በግጥም ቢያቀርቡትስ፣ ጋሼ?" አለችኝ።

ሳቄን ለቀቅኩት። "የዳቦ ሻጋታ በግጥም?"

"ምን ችግር አለው? አጭር ነው፣ በቃል ይያዛል፣ ፊታቸውን ወደ ሰው ያዞራሉ።"

"የኔ እህት፣ ግጥም ስሜት ነው። እኛ የምንፈልገው ቁጥር ነው" አልኳት። የስፖርት መምህሩ ከጥግ ሆኖ እሱም የመቶ ሜትር ሩጫ ሰዓት በዜማ እንደሚመዘግብ አሳወቀን፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ነጠላ ሰረዝ አልተቀየመችም። "ቁጥሩን ማን ይነካዋል? ቁጥሩ እንዳለ ይቀመጣል። የሚታገለው ግጥሙ ነው" አለች፤ ሻይዋንም ጠጥታ ወጣች። አነጋገሯ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

መጋቢት 10፣ ማክሰኞ

ሌላ ሐሳብ ስላጣሁ ክፍሌን ፈቀድኩላት። ከኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ አየኋት።

ሰሌዳው ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፈች። ምን ጠየቅን? እንዴት ለካን? ምን አገኘን? ከሥሩ ደግሞ በትልቁ፤ "ቁጥር የተነካበት ግጥም ይቀደዳል።" እኔ ነበርኩ ይህን ልጽፍ የሚገባኝ።

ከዚያ "እናታችሁ በር ላይ ቆማለች፣ ልትወጣ ነው፣ ቸኩላለች። ያገኛችሁትን በአንድ ትንፋሽ ንገሯት" አለች። ሻጋታ ያጠናው ልጅ ተነሳ። ጓደኞቹ "ሻጋታው" ይሉታል፣ እሱም ስሙን ወዶ ተቀብሏል። "እማዬ፣ ዳቦውን ሞቅ ያለ ቦታ ሸፍነሽ አትተዪው፤ ፂም ያበቅልልሻል!" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ፈረስኩ።

ይቺ ሴት አንድ ነገር ታውቃለች። እንዲህ ብዬ ለማንም አልናገርም እንጂ ታውቃለች።

መጋቢት 14፣ ቅዳሜ

ስለ ባለሜትሯ ልጻፍ። ወገቧ ላይ የአባቷን ሜትር ሰክታ የምትዞር፣ ስትናገር ድምፅዋን የምትቆጥብ ልጅ ናት። አባቷ በርና መስኮት በሚሠራ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ ነው የሚሠራው። ጥያቄዋ ቀላል ነው፤ የብረቱ ጩኸት የሠራተኞቹን ጆሮ እየጎዳው ነው ወይ?

አለካኳ ግን አስደነቀኝ። እሁድ እሁድ፣ ወርክሾፑ ዝግ ሲሆን፣ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ታስቀምጣለች። ዓይናቸውን በሻሽ ትሸፍናለች። ሜትሩን ከጆሯቸው ጀምራ ወለሉ ላይ ትዘረጋለች። ከዚያ ቀጭ ቀጭ የሚል የጠረጴዛ ሰዓት ይዛ ከሩቅ ቀስ እያለች ትመጣለች፤ ሰውየው ድምፁን ሲሰማ እጁን ያነሳል፣ እሷ ርቀቱን ትጽፋለች። ለእያንዳንዱ ጆሮ ሦስት ሦስት ጊዜ። ይህን ሁሉ ማንም አላዘዛትም።

አስራ አራት ሰው ለክታለች። አስራ ሦስቱ በግራፉ ላይ ተሰልፈው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ሥራው ላይ የቆየ ሰው ሰዓቱን የሚሰማው ጆሮው ሥር ሲደርስ ነው። አንዱ ነጥብ ብቻ ወደ ላይ አፈንግጦ ወጥቷል። ከሁሉም በላይ የቆየ ሠራተኛ ነው፣ ከሁሉም በላይ ይሰማል። አባቷ ነው።

ልፈትናት ብዬ "ይሄ ነጥብ ግራፍሽን አበላሸብሽ፤ ምን ልታደርጊው ነው?" አልኳት።

"አልጥለውም፣ ቲቸር። ልጠይቀው ነው እንጂ።"

ጠየቀችውም። ሰውየው ሥራ ከጀመረ ጊዜ ጀምሮ ጥጥ በቫዝሊን እያራሰ ጆሮው ውስጥ ይከታል። ጓደኞቹ "ጆሮህን ብርድ መታው እንዴ?" እያሉ ሲቀልዱበት ኖረዋል። እሱ ግን ጥጡን አልተወም።

ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ለክፍሉ በሙሉ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ያፈነገጠ ቁጥር አይሰረዝም፣ ምናልባት ሊነግረን የመጣው ነገር አለ ብዬ አንድ ሙሉ ትምህርት ሰጠሁ።

መጋቢት 24፣ ማክሰኞ

ሻጋታው ግጥሙን አመጣ።

ያልተሸፈነው ዳቦ ደርቆ ድንጋይ ሆነ፣
የተሸፈነው ግን ፂም አብቅሎ ተጀነነ።

አፌን ይዤ ቀረሁ። እርጥበትና ፈንገስን ለማስተማር ሁለት ሳምንት ስለፋ ኖሬ፣ ይሄ ጥርሱ ገና ያልተስተካከለ ልጅ በሁለት መስመር ጨረሰው። ደግሞ አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም።

"ተጀነነ" የሚለው ቃል ብቻ ቀለል አለብኝ። የትምህርት ቤት ነገር ነው፣ ክብር ይፈልጋል። "መነነ" ብዬ አረምኩለት። ፂሙን አሳድጎ ከዳቦነት ዓለም የመነነ ዳቦ! ጥልቀት ሰጠሁት። አንድ ቃል ብቻ ነው የነካሁት። ልጁ አየት አድርጎኝ "እሺ ቲቸር" አለ። ደስ ያለው ይመስለኛል።

መጋቢት 28፣ ቅዳሜ

ነጠላ ሰረዝ ጉንፋን ጥሏታል፤ ሳምንቱን አልመጣችም። ግጥሞቹ ግን እየደረሱ ነው። ሁሉንም ቤት ይዤ መጣሁ። እስክትድን እኔ ላያቸው። ማየት ብቻ።

ሚያዝያ 1፣ ማክሰኞ

እራት ላይ ባለቤቴ ሹካዋን አስቀምጣ አየችኝ።

"ጣትህን ምን ሆነህ ነው?"

"ምን ሆንኩ?"

"ከተቀመጥን ጀምሮ ጠረጴዛውን ትመታለህ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስድስት ላይ ታርፋለህ፣ እንደገና ትጀምራለህ።"

የግጥም ቀለም እየቆጠርኩ እንደሆነ ነገርኳት። ስለ ክፍለ ጊዜውም ያኔ ነገርኳት፤ ጨርሳ ከሰማች በኋላ አንድም "ለምን እስካሁን ደበቅከኝ" አላለችም። ይሄ ጨዋነቷ ሁልጊዜ ያሳፍረኛል። የትራፊክ መብራት ላይ የእግረኞችን መቆየት ያጠኑትን የሁለቱን ልጆች ግጥም አነበብኩላት፤ መጀመሪያ የነሱን፣ ቀጥሎ እኔ ያቃናሁትን።

"የፊተኛው አሳቀኝ" አለች።

"የኋለኛውስ?"

"የኋለኛው ያምራል።" ድስቱን ማንሳት ጀመረች። ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት። ከማድ ቤት ሆና "እኔ እኮ ልጅ ስቀበል አፍንጫውን አላስተካክልም" አለችኝ። ለነገር የምትሰጠው መልስ አያልቅባትም።

ሚያዝያ 3፣ ሐሙስ

ነጠላ ሰረዝ ተመለሰች፣ ድምፅዋ ገና ሻካራ ነው። "ግጥሞቹ እንዴት ሆኑ?" አለችኝ። ጥሩ ናቸው አልኳት። ፊደል ፊደል ብቻ ነው የማየው አልኳት። ደወል ተደወለ።

ሚያዝያ 8፣ ማክሰኞ

ባለሜትሯ ዛሬ ከክፍል ስንወጣ ወረቀቷን ሰጠችኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት።

ሰዓቱን አስጠጋሁ እስከ ጆሮው ድረስ፣
ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ፤ ከሰውየው የለም መልስ።

ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ዘዴው አለ፣ ውጤቱ አለ፣ ሰውየው አለ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ኮሪደር ላይ፣ ልጆች በግራ በቀኝ እየተጋፉኝ። ስንት ጊዜ የድምፅ ኃይልን፣ የአምፕሊቲዩድን ቀመር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ይሆን? አንድም ቀን አንድም ልጅ ሆዱ አልባባም።

መጨረሻው ላይ ግን ግጥሙ ያነክሳል።

የአስራ ሦስቱ ጆሮ በብረት ተበላ፣
አባቴ ግን ይሰማል፤ በቫዝሊን የራሰ ጥጥ ጆሮው ውስጥ ስለሚጨምር።

ይሄ ምን ይባላል! የፊተኛው መስመር እንዲያ ቆሞ፣ የኋለኛው እንደ ተጎተተ ገመድ። ቤት አይመታም፣ አይለካም። ተጨንቃ እንደጻፈችው ያስታውቃል። እንዲህ ያለ ግጥም በእንዲህ ያለ መስመር ሲያልቅ ሱፐርቫይዘሯ ምን ትላለች? ከሁሉም የምትሻለው እሷ ስለሆነች የመጨረሻዋ አቅራቢ እንድትሆን ወስኛለሁ። ስለዚህ የቀኑ መጨረሻ ይሄ መስመር ነው ማለት ነው። ክፍለ ጊዜው በሙሉ እሱ ላይ ቆሟል።

ሚያዝያ 12፣ ቅዳሜ

የማጠናከሪያ ትምህርት። ከቤተ ሙከራው በር ወዲያ ሁለት ልጆች ሲያወሩ ሰማሁ።

"የኔን አየኸው? ከኔ የቀረው ስሜ ብቻ ነው።"

"ያንተስ ስምህ ቀርቷል!"

ተሳሳቁ። የሒሳብ መምህሩን የቤት ሥራ እርማት እያሙ ይሆናል፤ ሰውየው ቀይ እስክሪብቶ አያልቅበትም። ልጆች ላይ እንዲህ መክበድ ደግ አይደለም፤ አንድ ቀን ልመክረው ይገባል።

ሚያዝያ 15፣ ማክሰኞ

መጣልኝ! ታክሲ ውስጥ፣ በሰው ክርንና በሻንጣ መሀል ተጣብቄ። ወራጅ ማለት ረስቼ አንድ ፌርማታ አለፍኩ።

የአስራ አራቱም ጆሮ በብረት ተበላ፣
አባቴን ብጠራው አይዞርም ወደ ኋላ።

እየተራመድኩ ደጋግሜ አልኩት። ፀጉሬ ቆመ። የልጅቷን ሁለት መስመር ይዞ እንዴት እንደሚዘጋው! ሴት ልጅ አባቷን ከኋላ ትጠራዋለች፣ እሱ አይዞርም። አዳራሹ ያለቅሳል። ሱፐርቫይዘሯ ድንጋይ ካልሆነች ታለቅሳለች።

ቤት ስደርስ ጫማዬን ሳላወልቅ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ግጥሞች በንጹህ ገለበጥኳቸው።

ሚያዝያ 17፣ ሐሙስ

ንጹሁን ቅጂ አደልኩ። ባለሜትሯ የሷን አንብባ ወንበሯ ላይ ቆየች። ሌሎቹ ሲወጡ መጣች።

"ቲቸር... አባቴ ግን ይሰማል።"

"አውቃለሁ የኔ ልጅ። ግጥም ነው እኮ። የምንፈልገው ስሜቱን ነው።"

"አስራ አራት ይላል።"

"አስራ ሦስቱን ነው ሰው የሚያስበው። አንቺ ብቻ ሳትፈሪ ተናገሪው፤ አደራ፣ የክፍላችን ነገር አንቺ ላይ ነው።"

ወረቀቱን በአራት አጥፋ ከሜትሩ ጎን ከተተችው። "እሺ" አለች። ጎበዝ ናት፣ ትወጣዋለች።

ማታ ለባለቤቴ አነበብኩላት። እሷም ከሰማችኝ በኋላ "አሳዘነኝ። አባትየው ጭራሽ አይሰማም እንዴ?" አለችኝ። ስለ ውኃው ታንከር ጠየቅኳት፤ ሞልቶ እንደሆነ። ሞልቷል።

ሚያዝያ 20፣ እሁድ

ዛሬ ቦርሳዬን ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት።

አርብ ዕለት ነጠላ ሰረዝ የመጨረሻዎቹን ግጥሞች ልያቸው ብላኝ ነበር። ማተሚያ ቤት ናቸው አልኳት። ማተሚያ ቤት የሚባል ነገር የለም፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። ለምን እንዲያ እንዳልኩ እኔም አልገባኝም። ደክሟታል፣ ገና አላገገመችም፣ ልጨምርባት አልፈለግኩም።

ርዕሰ መምህሩ የአምናውን ፎቶ ለጥፎታል፤ ሱፐርቫይዘሩ ዓይኑን ጨፍኖ የሚታይበትን። ሆን ብሎ ነው።

ሚያዝያ 24፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ማይክሮፎኑ እየተጠገነ ነው። ወንበር ጎድሏል። የወርክሾፑ ሰዎች ሁሉም መጥተዋል፤ ፀጉራቸውን አርጥበው፣ ንጹህ ጃኬት ለብሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተደርድረዋል። ልጅቷ ጋብዛቸው ነው። ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ

ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ሻጋታው ጀመረ። ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ "ፂም አብቅሎ ተጀነነ!" አለ። ተጀነነ! ያረምኩለትን የረሳ መሰለኝና ከጎን ሆኜ "መነነ፣ መነነ" እያልኩ በከንፈሬ ነገርኩት። ያየኝ የለም። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ ሱፐርቫይዘሯም ሳቀች፣ ሳቋን ሳትጨርስም ሻጋታ የወጣው በስንተኛው ቀን እንደሆነ ጠየቀችው። መለሰላት። ቀጥለው የመጡት ሁለቱ የራሳቸውን አነበቡ። ከዚያ ወዲያ ያሉትም። ከኔ እርማት አንድም ነገር አልሰማሁም። ልጆቹ ተማክረው እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ ጆሮዬ ጋለ።

ግን እንዴት ያምሩ ነበር! ይሄን ሳልጽፍ አላልፍም። አንዱ ሲያነክስ፣ አንዱ ሲሮጥ፣ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ይዞ። ወላጆች ቻርቱን ለማየት ከወንበራቸው ተነስተው ይንጠራሩ ነበር። ማንም አላንቀላፋም።

መጨረሻ ላይ ባለሜትሯ ወጣች። ለሷ አደራ ብያት ነበርና የኔን ቅጂ ነው የያዘችው። ሰዓቱን አስጠጋች፣ ቀጭ ቀጭ አለች። ከወርክሾፑ ሰዎች አንዱ ጓደኛውን በክርኑ ነካ፣ "ምን አለች?" እያለ። ከዚያ፣

"የአስራ አራቱም ጆሮ በብረት ተበላ" አለችና ቆመች።

የረሳችው መሰለኝ። ቀጣዩን መስመር ከጎን ሆኜ በሹክሹክታ ነገርኳት። ዞር ብላ አየችኝ። የዚያን ልጅ ዓይን መቼም አልረሳው፤ ቁጣ የለበትም፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይን ነው።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አለች ለሰዉ። "ይሄ መስመር ልክ አይደለም። የተጎዳው የአስራ ሦስቱ ነው። አስራ አራተኛው ይሰማል።"

ጀርባዋን ለአዳራሹ ሰጠች። ማይክሮፎኑን ከአፏ አራቀች። ከዚያ በዚያች በምትቆጥባት ድምፅዋ፣ ግድግዳውን እያየች፣ "አባዬ" አለች።

"አቤት የኔ እናት!" አለ አንድ ሰው ከሦስተኛው ረድፍ፣ ከመቀመጫው እየተነሳ።

ሰው ጮኸ፣ አጨበጨበ። በሁለት በኩል ያሉት ጓደኞቹ ምን እንደተፈጠረ አልገባቸውም፤ ሰው ሲያጨበጭብ አይተው ነው ያጨበጨቡት። ልጅቷ ወደ እኛ ዞረችና ያችን ቤት የማትመታ መስመሯን፣ በቫዝሊን የራሰውን ጥጥ፣ ቀስ ብላ ከዳር እስከ ዳር ተናገረች።

ሱፐርቫይዘሯ እጇን አወጣች። "ስለዚህ ጥጡ ጆሮ ያድናል ማለት ነው?"

"አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ እንደሱ ማለት አልችልም። ሌሎቹም ቢሞክሩትና ከዓመት በኋላ ብለካቸው ነው የማውቀው።"

"ጥሩ። ያ ልክ ያልሆነው መስመር ከየት መጣ?"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ርዕሰ መምህሩ ከፊት ረድፍ ሆኖ ነጠላ ሰረዝን ገላመጣት፤ ግጥሙ የሷ ነው፣ ጥፋቱም የሷ ነው ማለቱ ነው። እሷም ፊቷ ቀልቶ ልትነሳ ከወንበሯ ከፍ አለች፣ ምንም የማታውቀው ሴት። አንድ አፍታ፣ አልዋሽም፣ ዝም ብል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ክፍለ ጊዜዬ እጄ ላይ ነበረች።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"የቋንቋ መምህር ነዎት?"

"የሳይንስ። የቋንቋ መምህሯ ቁጥር እንዳይነካ ብላ ሰሌዳ ላይ ጽፋ ነበር። የነካሁት እኔ ነኝ፤ ቤት እንዲመታልኝ ብዬ።"

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ። ሱፐርቫይዘሯ አልሳቀችም፤ ጻፈች፣ ብዙ ጻፈች።

ሚያዝያ 25፣ አርብ

ነጠላ ሰረዝ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጠበቀችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። መስመሩ ታክሲ ውስጥ እንደመጣልኝ ነግሬ ወረቀቱን ሰጠኋት፤ አንብባ ቆም አለች፣ እንደልማዷ።

"ያቺ የታክሲዋ መስመር... ጥሩ መስመር ናት፣ ጋሼ።"

"አትቀልጂብኝ።"

"አልቀለድኩም። ለራስዎ ይጻፉ እንጂ። ስለራስዎ አባት።"

ለርዕሰ መምህሩ ግልምጫ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ስለ ማተሚያ ቤቱም ነገርኳት። ያኛው ከቁጥሩ የበለጠ አስከፋት። ሻይዋን ሳትጨርስ ክፍል ገባች። ይገባኛል።

ባለሜትሯን ግቢ ውስጥ አገኘኋት። ምን እንደምላት ሳሰላስል አድሬ፣ ከአፌ የወጣው "ያፈነገጠውን ነጥብ እኔው ሰረዝኩብሽ" የሚል ብቻ ነበር። "እርስዎ ነዎት እኮ አይሰረዝም ያሉን" አለችኝ፣ እኔን ለማጽናናት! ከተማሪ ይህን ሰምቶ መቆም ከባድ ነው። ቆምኩ።

ግንቦት 1፣ ሐሙስ

ውሳኔው መጣ። ርዕሰ መምህሩ አሁንም ተቀመጥ አላለኝም፤ ግን እሱም ቆሞ ነው ያነበበው። አንዲት ተማሪ በሰው ፊት ውጤቷን ስታርም ማየት ብርቅ ስለሆነ ክፍለ ጊዜው ለአንድ ዓመት ይቀጥል። ግጥሞቹ በተማሪዎቹ እጅ ብቻ ይጻፉ። የሳይንስ መምህሩ መጠየቅ ይችላል፣ መጻፍ አይችልም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበበልኝ፣ ተደስቶባት።

ባለቤቴ ስትሰማ ሶፋው ላይ ተንከባለለች። እኔም ሳቅኩ። ወዲያው ግን አለቀስኩ፤ እሷም እጄን ያዘች።

ግንቦት 10፣ ቅዳሜ

ዛሬ ወርክሾፑ ሄድኩ። ስለዚያ ቦታ ግጥም ያቃናሁ ሰው፣ ደጃፉን ረግጬው አላውቅም ነበር።

ባለሜትሯ በሩ ላይ ተቀበለችኝ። ውስጥ ስገባ ጩኸቱ ደረቴን መታኝ፤ መጋዙ፣ መዶሻው፣ ቆርቆሮ ሲጎተት። ጥርሴ ሥር ተሰማኝ። "እንደምን ዋላችሁ!" አልኩ። ማንም ቀና አላለም። ደግሜ፣ የክፍል ድምፄን አውጥቼ ጮህኩ። ምንም። ይሄን ያህል ተጎድተዋል እንዴ አልኩ።

ከዚያ አየሁት። ቅርቤ ያለው ሰው ጆሮ ውስጥ ነጭ ነገር ያብለጨልጫል። ከሱ ወዲያ ያለውም። መጋዙን የያዘውም። መሰላል ላይ ያለውም።

"ሁሉም?" አልኩ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብዬ።

"ከአንዱ በቀር። እሱ ያሳክከኛል ብሎ ነው" አለችኝ ጆሮዬ ሥር። "ከአዳራሹ ሲወጡ አባዬን ከበው ጥጥ ስጠን አሉት። መስመሯን አልሰሟትም፤ እሱ ነው መንገድ ላይ የነገራቸው።"

የኔ መስመር ተነቦ ቢሆን ኖሮ አዳራሹ አልቅሶ ወደየቤቱ ይሄድ ነበር፤ ጥጥ የሚባል ነገር ማንም አይሰማም ነበር።

አባትየው ሲያየን መዶሻውን አስቀምጦ መጣ፤ ከቫዝሊን ብልቃጡ ጥጥ አውጥቶ በጥቁር ጣቶቹ እየጠቀለለ ሰጠኝ። "ይግጠሙት እንጂ መምህር፣ እንግዳም ቢሆኑ!" ብሎ ጮኸልኝ። አንዱን ጆሮዬን ደፈንኩ። ሌላውን ልጅቷን እንድሰማበት ተውኩት። ለነገው ልኬት ሜትሯን እየዘረጋች ነበር፤ አንድ የሚያምር ነገር ልላት አፌ ላይ መጣና ዋጥኩት።

"ያኛውን፣ የሚያሳክከውን ሰውዬ ምን ልታደርጊው ነው?" አልኳት።

"እሱን በደንብ ነው የምለካው" አለች። "የምናወዳድረው ከሱ ጋር ነዋ።"